ኔት ባይኖርም ኮምፓይል ይሁን

ጎንደር ውስጥ ጃቫ የሚማር ልጅ ሲያገኘኝ ሰላምታው ሳያልቅ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ኔትቢንስ ይሻላል፣ ኤክሊፕስ ወይስ ኢንተሊጄ?» መልሴ ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኛቸዋል፣ የማንንም ስም አልጠራማ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ኔት የሌለ ቀን ፕሮጀክትህ ኮምፓይል ይሆናል፣ ማለትም የጻፍከው ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ ይለወጣል? ላፕቶፕህ ቢበላሽና የጓደኛህን ብትዋስ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጠህ እዚያው ማታ ሥራህን ትቀጥላለህ? ለሁለቱም «አዎ» ካለኝ የፈለገውን አይዲኢ (ኮድ የሚጻፍበትን ፕሮግራም) ይጠቀም። «እንጃ» ካለ ግን አይዲኢ ቢቀያይር ምንም አይጠቅመውም።

ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው ማስተማሪያዎች የተሠሩት ኔታቸው ለማይቋረጥ፣ መብራታቸው ለማይጠፋ ሰዎች ነው። ሰውየው «ይቺን ተጫኑ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ አለቀ» ይላል። ያቺ «ትንሽ ጠብቁ» እዚህ የሳምንት ፓኬጅ ልትበላ ትችላለች። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ድርግም ካለ ደግሞ ግማሹ ወርዶ ግማሹ የቀረ ፋይል ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ እሱ ጭራሽ ካልወረደው የባሰ ነው፣ ለምን እንደሚብስ ሜቨን (ላይብረሪ አውርዶ ፕሮጀክቱን የሚያሽገው ቱል) ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ። እኔ የምጽፈው ማራኪ ወይ አዘዞ ተቀምጦ፣ አራት ወይ ስምንት ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ነው። ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፣ ኪቦርዱ ላይ በላቲን መምታት የናንተ ፋንታ ነው። ዓመቶቹም ሌላ ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።

ከጄዲኬ፣ ማለትም ጃቫ ለመሥራት ከሚያስፈልገው የመሣሪያ ጥቅል፣ እንጀምር። አይዲኢው ላይ አረንጓዴዋን ቁልፍ ስትጫኑ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ኮዳችሁን የሚያነበው እሱ ውስጥ ያለው ጃቫሲ የሚባለው ኮምፓይለር ነው። ጃቫ ከ2018 ወዲህ በየስድስት ወሩ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ ሁሉንም መከተል ግን አያስፈልግም። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው 8፣ 11፣ 17፣ 21 እና 25 ናቸው። 8 የወጣው በ2014 ነው፣ እስካሁን በየመሥሪያ ቤቱ አለ፣ በየሃንድአውቱም አለ። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ከ17 በታች አትውረዱ። የዌብ ሥራ ማቅለያው ስፕሪንግ ቡት 3 ከ17 በታች አይነሳም፣ ዌብ ሰርቨሩ ቶምካት 11ም እንደዚያው። እኔ 21 ላይ ነኝ። 17 ያለው ሰው ግን 21ን ለማውረድ ብሎ ፓኬጁን አይጨርስ።

የማንን ጄዲኬ? ኦራክል አለ፣ ቴሙሪን አለ፣ የአማዞን ኮሬቶ አለ። ሁሉም የሚሠሩት ከአንድ ምንጭ፣ ከኦፕንጄዲኬ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ብትዞሩ ኮዳችሁ ልዩነቱን አያውቀውም። የኦራክሉ ፈቃድ ከአንዴም ሁለቴ ስለተቀያየረ እኔ ቴሙሪን ላይ ተቀምጫለሁ፣ ለንግድ ሥራም ነፃ ነው። ወደ 200 ሜጋባይት ይሆናል። ከኢንስቶለሩ ይልቅ ዚፑን አውርዱ። ዚፕ ከሆነ የትም ፎልደር ውስጥ ይፈታል፣ የላብ ኮምፒውተር ላይ የአድሚን ፓስወርድ አያስለምናችሁም፣ ለሚቀጥለው ሰውም በፍላሽ ትሰጡታላችሁ። ስትፈቱት ክፍት ቦታ የሌለው የፎልደር ስም ምረጡ፣ አንዳንድ ስክሪፕቶች «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ያለችውን ክፍተት አይወዱም።

አንድ ማሽን ላይ ሁለት ሦስት ጃቫ ሲጫን ነው ጣጣው የሚመጣው። ጃቫሲው ከአንዱ፣ ጃቫው ከሌላው ይነሳል። ኮምፓይሉ ያልፋል፣ ፕሮግራሙ ሊነሳ ሲል ግን «አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን» ብሎ ይጮሃል፣ 65 እና 52 የሚሉ ቁጥሮችም ይደረድራል። ሰው ይሄን ሲያይ ሁሉን ነቅሎ እንደገና ይጭናል። ቁጥሮቹ ግን ትርጉም አላቸው። ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንሱ፣ የጃቫውን ቨርዥን ታገኛላችሁ። 52 ጃቫ 8 ነው፣ 61 ጃቫ 17 ነው፣ 65 ጃቫ 21 ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚላችሁ «ይሄ ክላስ በ21 ነው የተሠራው፣ እኔ ደግሞ 8 ነኝ» ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ያሉት ጃቫ ሆምና ፓዝ የሚባሉ መቼቶች አንድ ጄዲኬ እንዲያሳዩ አድርጉ፣ ያልቃል።

የምታስረክቡት ሰርቨር ላይ ያለው ጃቫ የቆየ ሆኖ መቀየር የማይቻል ከሆነስ? ጃቫሲን «ዳሽ ዳሽ ሪሊዝ 11» ብላችሁ እዘዙት፣ ለ11 የሚሆን አድርጎ ያወጣላችኋል። ከጃቫ 9 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የድሮው «ሶርስ» እና «ታርጌት» የሚባለው መንገድ ቁጥሩን ብቻ ነበር የሚያስተካክለው፣ በቆየው ጃቫ ላይ የሌለ ሜተድ ብትጠሩ ዝም ብሎ ያሳልፋችሁና ነገሩ ሰርቨሩ ላይ ይፈነዳል፣ ያውም ደንበኛው ፊት። ሪሊዝ እዚሁ ይይዘዋል።

አሁን አንድ ሰርቭሌት (የብሮውዘር ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልስ የጃቫ ክላስ) በእጃችሁ ኮምፓይል አድርጉ። አንዴ ብቻ። አይዲኢ ሳትከፍቱ፣ ሜቨን ሳትነኩ። ኖትፓድ፣ ጥቁሩ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት)፣ ጄዲኬና ቶምካት ይበቃሉ። ቶምካት አስራ ምናምን ሜጋባይት ዚፕ ነው፣ መፍታት ብቻ ነው። ትንሽ ኮድ ጻፉና ጃቫሲ ብላችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የምታገኙት ኢረር ነው። «ፓኬጅ ጃካርታ ዶት ሰርቭሌት ደዝ ኖት ኤግዚስት» ይላችኋል። ደስ የሚል ኢረር ነው፣ ብዙ ነገር ይናገራል። ጄዲኬ ውስጥ ሰርቭሌት የሚባል ነገር የለም፣ የሚያመጣው ቶምካት ነው። ቶምካት ፎልደር ውስጥ «ሊብ» የሚል አለ፣ እዚያ ውስጥ ሰርቭሌት ኤፒአይ የሚባል ጃር (የታሸጉ ክላሶች ፋይል) ቁጭ ብሏል። «ዳሽ ሲፒ» ብላችሁ ያለበትን መንገድ ንገሩት። «ዳሽ ዲ» ብላችሁ ክላስ ፋይሎቹ የሚወጡበትን ፎልደር ንገሩት። ኮምፓይል ሆነ። ጃሮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ዊንዶውስ ላይ በሴሚኮለን፣ ሊኑክስ ላይ በኮለን ነው የሚለያዩት። ከኔት የገለበጣችሁት ትዕዛዝ እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ ይቺን ምልክት እዩ።

ከዚያ የፎልደሩን ቅርጽ ሥሩ። «ዌብ-ኢንፍ» የሚባል ፎልደር፣ ውስጡ «ክላስስ»፣ ከጎኑ «ሊብ»። የእናንተ ክላስ ፋይሎች ክላስስ ውስጥ ይገባሉ፣ የምትጨምሯቸው ጃሮች ሊብ ውስጥ፣ ጄኤስፒ የሚባለው ገጽና ፎቶው ከዌብ-ኢንፍ ውጭ። ዌብ-ኢንፍ ውስጥ ያለን ነገር ብሮውዘር በቀጥታ ሊከፍተው አይችልም፣ ለዚህም ነው የዳታቤዝ ፓስወርድ የያዘ ፋይል ከውጭ ተቀምጦ ሳይ ሆዴን የሚቆርጠኝ። ሙሉውን ፎልደር ቶምካት «ዌብአፕስ» ውስጥ ጣሉት፣ 8080 ላይ ክፈቱት። ዋር የሚባለው ፋይልም ይሄው ፎልደር በዚፕ ታሽጎ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሰርቭሌት ኤፒአዩን ግን ሊብ ውስጥ አትክተቱት። ኮምፓይል ለማድረግ ያስፈልጋችኋል፣ ሲነሳ ደግሞ ቶምካት የራሱ አለው። ሜቨን ላይ «ፕሮቫይድድ» የሚባለው ስኮፕ የሚለው ይሄንኑ ነው፣ በእጁ ያልሠራ ሰው ግን ቃሉን ከሆነ ቦታ ገልብጦ ይለጥፍና ያልፋል። ይሄን ሁሉ የምታደርጉት በየቀኑ እንዲህ እንድትሠሩ አይደለም፣ ማንም በእጁ ዋር አያሽግም። ጥቅሙ ነገ ኢረር ሲመጣ ነው። የጮኸው ጃቫሲ ነው? ቶምካት ነው? ወይስ ቶምካት ደህና ሆኖ የተሳሳተው አድራሻው ነው? ይሄን መለየት የቻለ ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገው ቃል ራሱ ይለወጣል።

በዚህ ዘመን ተማሪን በጣም የሚያስመርረው ግን ኢረር የሌለው ችግር ነው። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል። ቶምካት ይነሳል። ሎጉ ላይ ምንም የለም። አድራሻውን ስትከፍቱት 404፣ ማለትም ገጹ የለም። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰርቭሌትን የያዘውን ጃቫ ኢኢ የሚባለውን ክፍል ኦራክል በ2017 ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለመስጠት ወሰነ፣ ጃቫ የሚለው ስም ግን የኦራክል የንግድ ምልክት ስለሆነ አብሮ አልሄደም። ስለዚህ ጃካርታ ኢኢ ተባለ። በ2020 መጨረሻ በወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 ላይ ደግሞ ጃቫክስ ዶት ሰርቭሌት ይባል የነበረው ሁሉ ጃካርታ ዶት ሰርቭሌት ሆነ። ቶምካት 9 የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው፣ ቶምካት 10ና ከዚያ በላይ አዲሱን።

አሁን ነገሩን ገጣጥሙት። ሃንድአውቱና ቪዲዮው የተሠሩት በድሮው ስም ነው። የወረደው ቶምካት አዲሱ ነው። የድሮው ጃር ፖሙ (የሜቨን መዝገብ ፋይል) ውስጥ ስላለ ጃቫሲ ምንም ቅር አይለውም። ዋሩ ቶምካት 10 ላይ ሲወጣ፣ ቶምካቱ በጃቫክስ ስም የተጻፈችውን «ዌብ ሰርቭሌት» የምትል አኖቴሽን (ክላሱ ላይ የምትለጠፍ ምልክት) ያያታል፣ አያውቃትም፣ ያልፋታል። የማያውቀው ነገር ላይ ደግሞ አይጮህም። ልጁ አድራሻውን ይጠረጥራል፣ ፖርቱን ይቀይራል፣ ቶምካትን ነቅሎ ይጭናል፣ ቀኑ ይመሻል።

አዲስ ከሆነ ጃካርታን ያዙ፣ ቶምካት 10.1 ወይ 11። 10.1 ጃቫ 11 ይበቃዋል፣ 11ኛው ጃቫ 17 ይፈልጋል። ከሌላ ሰው የተረከባችሁት የቆየ ፕሮጀክት ከሆነ ቶምካት 9 ላይ ተዉት፣ ወይ ዋሩን ቶምካት 10 ላይ «ዌብአፕስ ዳሽ ጃቫኢኢ» የሚባል ፎልደር ሠርታችሁ እዚያ ጣሉት፣ ስሞቹን ራሱ ቀይሮ ያነሳዋል። ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከፍታችሁ ጃቫክስ የሚለውን ሁሉ ጃካርታ እንዳታደርጉት ብቻ። ጃቫክስ ዶት ኤስኪውኤል የጄዲኬው ነው፣ ስሙ አልተቀየረም፣ እሱን ከነካችሁት ዳታቤዛችሁን አጣችሁት ማለት ነው።

ሜቨን። ራሱ ከ10 ሜጋባይት በታች ነው፣ አታላይ ነው። የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ «ፓኬጅ» ብላችሁ ስታዙት ላይብረሪዎቹን ብቻ አይደለም የሚያወርደው፣ ኮምፓይል ለማድረግ የሚጠቀምባቸውን የራሱን ፕለጊኖች ሁሉ ከሜቨን ሴንትራል (ኔት ላይ ካለው የላይብረሪዎች መጋዘን) ይስባል። ስክሪኑ ላይ «ዳውንሎዲንግ» የሚል መስመር ሲግተለተል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ይሄ ግን የአንድ ጊዜ ነው። የወረደው ሁሉ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ባለች ነጥብ ኤም2 በምትባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ሁለተኛ አይወርድም። ከዚያ በኋላ «ዳሽ ኦ» ጨምራችሁ ስታዙት ኔትን ዞር ብሎም አያይም። ሜቨንን የምመርጠው በዚህ ነው። ኤክስኤምኤሉ ረጅም ነው፣ ያሰለቻል፣ ይሁን።

ወደ ግማሽ የወረደው ፋይል ልመለስ። ሜቨን እያወረደ ኔቱ ሲቋረጥ አንዳንዴ «ላስት አፕዴትድ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ትቶ ይሄዳል። ኔቱ ተመልሶ እንደገና ስታዙት «ቅድም ሞክሬ አጥቼዋለሁ» ብሎ አልሞክርም ሊል ይችላል። «ዳሽ ዩ» ስትጨምሩበት እንደገና ይሞክራል። የባሰው ደግሞ ጃሩ ራሱ ተቆርጦ ሲቀር ነው። ፋይሉ አለ፣ ስሙ ትክክል ነው፣ ውስጡ ግን ጎዶሎ ነው፣ ጃቫሲም «ዚፑን መክፈት አልቻልኩም» ዓይነት ነገር ያወራል። ኔት ላይ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ ምክር «ነጥብ ኤም2ን በሙሉ ሰርዘው» ነው። አትሰርዙ! ያን ምክር የጻፈው ሰው ፓኬጅ አይገዛም። ኢረሩ የጠራውን ላይብረሪ ስም ተከትላችሁ የሱን ፎልደር ብቻ አጥፉ፣ እሱ ብቻ ይወርዳል።

ኔት ያለ ቀን ቀድሞ ማዘጋጀትም አለ። «ዲፔንደንሲ ጎ ኦፍላይን» የሚል ትዕዛዝ አላቸው፣ ስሙ ደስ ይላል፣ ግን ሁሉን አያመጣም። ለምሳሌ ቴስት የሚያስኬደው ሹርፋየር የሚባለው ፕለጊን አንዱን ክፍሉን የሚያወርደው ቴስቱ በትክክል ሲሄድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቴስት ያለበትን ፕሮጀክት ሙሉ በሙሉ አስኪዱት፣ ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉና «ክሊን ፓኬጅ» በዳሽ ኦ ድገሙት። ካለፈ፣ መብራት እስካለ ወይም ባትሪያችሁ እስከቻለ ድረስ ሥራችሁ አይቆምም።

አንድ ዶርም ውስጥ ያሉ አራት ልጆች አንድ ላይብረሪ እያንዳንዳቸው ሲያወርዱ ሳይ ይገርመኛል። አንዱ ያውርድ፣ ነጥብ ኤም2 ውስጥ ያለችውን «ሪፖዚቶሪ» የምትባል ፎልደር በፍላሽ ለሌሎቹ ይስጥ። እሷን ብቻ፣ አጠገቧ ያለው ሴቲንግስ ፋይል ውስጥ ፓስወርድ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ግን ሁሉም አንድ ቨርዥን መያዝ አለባቸው፣ የአንዱ 3.2 የሌላው 3.3 ከሆነ ፍላሹ ምንም አያድንም። የቡድን ፕሮጀክት ሲጀመር የሚጣሉት በዳታቤዝ ስም ነው፣ መጣላት ያለባቸው ግን በዚህ ነበር። ፍላሹንም ስካን አድርጉት አደራ።

እንደ ሜቨን ያለው ግራድልም ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ፋይሉም አጭር ነው። ግን ራሱ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፣ እያንዳንዱ ፕሮጀክትም «እኔ የምፈልገው ይሄን ቨርዥን ነው» ብሎ ሌላ ግራድል ሊያወርድ ይችላል። መሥሪያ ቤታችሁ ከተጠቀመበት ተጠቀሙ፣ «ዳሽ ዳሽ ኦፍላይን» የሚል አለው። አንት የሚባለውን የድሮ ቱል ደግሞ የቆየ ፕሮጀክት ስትረከቡ ለማንበብ ያህል እወቁት፣ አዲስ ነገር አትጀምሩበት።

እና አይዲኢውስ? ፖም ፋይል ካላችሁ ኔትቢንስም፣ ኤክሊፕስም፣ ኢንተሊጄም፣ ቪኤስ ኮድም ያንኑ ፎልደር ይከፍቱታል፣ ስለዚህ ምርጫው የራምና የልማድ ነው። አራት ጊጋ ላለው ቪኤስ ኮድ ወይም ኔትቢንስ ይቀለዋል። ስምንትና ከዚያ በላይ ላለው ኢንተሊጄ ያስደስታል፣ ስህተት ገና ሳትጨርሱ ያሳያችኋል። ኔትቢንስ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ «ጃቫ ዊዝ አንት» እና «ጃቫ ዊዝ ሜቨን» የሚሉ ምርጫዎች አሉ፣ ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን የሚመርጠው ሃንድአውቱ ላይ ስላየው ነው። የአንቱ ፕሮጀክት ላይብረሪው ያለበትን ቦታ በዚያ ማሽን መንገድ ሊመዘግበው ይችላል። ፎልደሩ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ሲሄድ «ሪፈረንስ ፕሮብሌምስ» የምትል ቀይ ጽሑፍ ትመጣለች፣ የምትመጣው ደግሞ የዲፌንስ ቀን ነው፣ ፕሮጀክተሩ ከተሰካ በኋላ፣ መምህራኑ ተደርድረው።

ኤክሊፕስን ለሚወዱ አንድ ነገር። ኤክሊፕስ ጃቫሲን አይጠቀምም፣ የራሱ ኮምፓይለር አለው። ስህተት ያለበትን ክላስ ጭምር «ግድ የለም ልቀጥል?» ብሎ ሊያስነሳላችሁ ይችላል፣ ስህተቷ ያለችበት ሜተድ እስኪጠራ ድረስ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። «እኔ ጋ ይሠራል፣ ሜቨን ላይ እምቢ አለ» ሲባል አንዳንዴ ሜቨን ነው ትክክሉ። ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት በየትኛውም አይዲኢ ብትሠሩ ዋሩን በሜቨን ከጥቁሩ መስኮት አውጡት፣ አይዲኢው ውስጥ የሌለ ንጹሕ ቶምካት ላይ ጥላችሁ እዩት። በዚያውም ጄኤስፒዎቹን አንድ በአንድ ክፈቷቸው። ጄኤስፒ እናንተ ኮምፓይል ስታደርጉ አይነካም፣ ሰው መጀመሪያ ሲከፍተው ነው ቶምካት ወደ ሰርቭሌት ቀይሮ ኮምፓይል የሚያደርገው፣ የሚያደርገውም በዚያው በኤክሊፕስ ኮምፓይለር ነው፣ ጃሩ ሊቡ ውስጥ አለ። ውስጡ ያለ ስህተት የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። ዊንዶውስ ላይ ኮዳችሁ በስሙ የሚከፍተው የነበረ ፋይል በአንዲት ትልቅ ፊደል ምክንያት ሊጠፋበት ይችላል።

አማርኛ ከጻፋችሁ፣ መቼም ትጽፋላችሁ፣ ሌላ የኮምፓይል ጉዳይ አለ። ጃቫ እስከ 17 ድረስ የኮድ ፋይላችሁን የሚያነበው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ቁጥር በሚቀይርበት ዘዴ) ነበር፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ያ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 አይደለም። ከጃቫ 18 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ ዩቲኤፍ-8 ሆኗል። በ17 ላይ ላላችሁ ጃቫሲን «ዳሽ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8» በሉት፣ ሜቨን ላይም ፖሙ ውስጥ የሶርስ ኢንኮዲንግ የሚል መስመር አለ። ካልሆነ «እንኳን ደህና መጡ» ያላችሁት ትርኪ ምርኪ ሆኖ ይወጣል። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ አንዷ ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት ትሆናለች።

ይሄን ልዩነት ያዙልኝ። ትርኪ ምርኪ ካያችሁ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ የተነበበበት መንገድ ነው የተሳሳተው፣ ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካያችሁ ግን ፊደሉ ወይ ሲጻፍ ወይ ሲላክ ጠፍቷል፣ ዳታቤዝ ውስጥ እንዲያ ሆኖ ከተቀመጠ የሚመልሰው የለም። ከፎርም የሚመጣ ስም ትርኪ ምርኪ የሚሆነው አንዳንዴ ሰርቭሌቱ ላይ የሪኩዌስቱን ኢንኮዲንግ ሳትናገሩ መጀመሪያውን ፓራሜትር ስላነበባችሁ ነው፣ የጥያቄ ምልክት የሚሆነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዳታቤዙ በድሮ አሠራር ስለተከፈተ ነው። የቆየ ኖትፓድ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ስታስቀምጡ ፋይሉ መነሻ ላይ የማትታይ ምልክት ይጨምራል፣ ጃቫሲም አንደኛው መስመር ላይ «ኢሊጋል ካራክተር» ይላል፣ እናንተ ግን ምንም አታዩም። በነገራችን ላይ ጃቫ የቫሪያብል ስም በአማርኛ ይፈቅዳል። «ዋጋ» ብላችሁ ብትሰይሙት ኢንኮዲንጉ ልክ ከሆነ ኮምፓይል ይሆናል፣ ለመፈተሻም ይጠቅማል። ሥራ ላይ ግን አልመክርም፣ በየመስመሩ ኪቦርድ መቀያየሩ ራሱ ያደክማል።

ላይብረሪ መምረጥም ከቱል መምረጥ አይለይም። ፒያሳ አጠገብ እንግዳ ማረፊያ ላላቸው እናት የአልጋ መያዣ ሲስተም እየሠራሁ ነው፣ ለከተራና ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ከወራት በፊት ነው አልጋ የሚይዘው። ገና ስንጀምር «ልጄ፣ ጃንዋሪ ምናምን የምትለኝን አላውቅም፣ በእኛው ይሁን» አሉኝ። ልክ ናቸው። ብዙ ሰው ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብሎ ኮዱ ውስጥ ይቸክለዋል፣ ግን ከስድስት ቀን ጳጉሜን ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ነው። በእኛ 2016 እንዲያ ነበር።

ጃቫ ከ8 ጀምሮ ያለው የቀን ላይብረሪ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፣ የእኛን ግን አልያዘም። ስለዚህ ከውጭ ማምጣት ነው። አይሲዩ ፎር ጄ አለ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠርም አለው፣ ሌላም ብዙ ነገር አለው፣ ጃሩ ግን ከ10 ሜጋባይት በላይ ነው። ትሪቴን ኤክስትራ የሚባለው ከሱ በጣም ያነሰ ነው፣ ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ የሚል ክላስ አለው፣ ከጃቫው የቀን ክላሶች ጋርም ያለ ጣጣ ይግባባል። የወሮቹን ስም በአማርኛ አይሰጣችሁም፣ አስራ ሦስት ስም ግን መጻፍ አያቅተኝም። ሁለተኛውን ያዝኩ።

ከዚያ የጻፍኩት መጀመሪያ ቴስቱን ነው። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 መሆን አለበት። ጥር 11 ቀን 2017 ጃንዋሪ 19 ቀን 2025። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ይቀበላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልሳል። ሜቨን «ፓኬጅ» በተባለ ቁጥር እነዚህን ያስኬዳል፣ ኔት ኖረም አልኖረም። አንዷ ከወደቀች ዋሩ አይወጣም።